ሱቅ ሳይከፈት የተጋቡት

በኪዋቱሌ ሰፈር እንደ ሱሩርና ሳቢራ ክፍል የጠበበች ክፍል፣ እንደ ፍቅራቸውም የሰፋ ፍቅር አልነበረም! ከእኔ በላይ አውቃለሁ የሚል ካለ ይምጣ። አንዱ ሲገላበጥ ሌላው በር ከፍቶ መውጣት ነበረበት። ማታ ማታ ግን፣ ዝናቡ ቆርቆሮው ላይ ሲያንሾካሹክ፣ ጣሪያውን እያዩ በሐሳባቸው ሱቅ ይከፍታሉ፤ መስታወቱን ያስገባሉ፣ መብራቱን ይሰቅላሉ፣ ያልመጣውን ደንበኛ ይሸኛሉ... ምድር ላይ እንደዚያ ያማረ ሱቅ አልተሠራም!

በፈረንጆቹ 2020 የካቲት ሲጋቡ እሱ ሃያ፣ እሷ አስራ ስምንት ዓመታቸው ነበር። አባቷ ሐጂ ሃሩን፣ የቡጎሎቢው ቅመም ነጋዴ፣ ነገሩን ሲሰሙ ቡጎሎቢን ያናወጠ ጩኸት ጮኹ።

«ዋንዴገያ፣ ዩኒቨርሲቲው ደጅ መንገድ ዳር ለተማሪ የስልክ ሽፋን እየሸጥክ ሚስት? መጀመሪያ ሱቅ ክፈት። ሦስት ዓመት መጠበቅ ምን አለው?»

«አባ፣ ላጤ በየመንገዱ ሮሌክስ የሚሉትን የእንቁላልና የቂጣ ጥቅል ሲበላ ገንዘቡ ያልቃል። ባለትዳር ቤቱ በልቶ ያጠራቅማል» አለ ሱሩር።

«አዎ፣ የሚስቱን ወርቅ ሸጦ!»

በኒካሁ ዕለት ሱሩር ያለ የሌለውን አራግፎ ለሳቢራ አራት የወርቅ አምባር መህር፣ ጥሎሿን፣ ሰጠ። ሐጂም በምስክሮች ፊት አስማሉት፦ ምንም ቢመጣ የመህሯን ወርቅ ላይነካ!

የመጣው ግን ምን ነበር? ኮሮና! ዩኒቨርሲቲው ተዘጋ፣ ተማሪው ተበተነ፣ ያጠራቀሟትም ተበላች። በ2021 ሰኔ ደግሞ ያ በሽታ ሱሩርን ጣለው። ሆስፒታሉ ያለ ቅድሚያ ክፍያ አላስተኛም አለ፤ ወደ ክፍላቸው ተመለሱ። ሳቢራ አምባሮቿን አውልቃ ደረቱ ላይ አኖረች።

«ልሽጣቸው፣ ሱሩሬ።»

«ምዬበታለሁ...»

«የእኔ ናቸው እኮ! እኔ ሰጠሁህ!»

«አባትሽ ‹አላልኳችሁም?› እንዲል? አይሆንም።»

እሷም ያችኑ «አላልኳችሁም?» ፈርታ ሦስት ቀን ለአባቷ ሳትደውል ቀረች። ወይ ልጅነት! በአራተኛው ቀን ደወለች። ታክሲ ታግዷል፤ ሐጂ ሃሩን ከቡጎሎቢ በእግራቸው ገሰገሱ፤ መንገዱ ሁሉ በእንባቸው ጨቀየ ብል ማን ይከራከረኛል?

«ልጄ፣ ሚስት በፈቃዷ የሰጠችው ሐላል ነው! መሐላህን አንሥቼልሃለሁ፤ ተነስ፣ እንሂድ...»

ሱሩር ዓይኑን በጭንቅ ገለጠ። «አባ... አልነካሁም» አለ። ፈገግ እንዳለ ትንፋሹ ቆመ።

ሐጂ መሬት ላይ ተደፉ። «እኔ ነኝ የገደልኩት! ምናለ በሰማችሁኝ! ሦስት ዓመት ብትጠብቁ ኖሮ ገንዘብ ይኖራችሁ ነበር...»

ሳቢራ የባሏን እጅ ሳትለቅ ቀና አለች።

«አባ፣ ሦስት ዓመት ብንጠብቅ ኖሮ እኔ ሱሩርን አላገባውም ነበር። አሁን ግን አስራ ስድስት ወር አብሬው ኖርኩ።»

ሰው ትዳርን አስልቶ ይገባል፤ ቀኑን የሚቆርጠው ግን ሌላ ነው።