ላንቃ ያልቀመሰው

ላንቃ ሥራ ከመጀመሩ በፊት መጉመጥመጥ አለበት። የውብዳር ለብ ያለ ውሃ አፉ ውስጥ አፈሰሰችለት፤ ተጉመጠመጠና ተፋው።

ላንቃ በሰማይ ደጅ የጉምሩክ ጣቢያ ምግብ የሚቀምስ መሣሪያ ነው። ከምድር ተጭኖ ወደ ጨረቃ ሰፈር የሚገባ የሚበላ ነገር ሁሉ በእሱ ምላስ ላይ ያርፋል፤ እሱ ያልፈቀደው አያልፍም።

የዕለቱ ጭነት ቸኮሌት ነበር። መለያው ሕጉ እንደሚያዘው በአማርኛ ተጽፏል፦ የካካዎው መጠን፣ የአገልግሎት ጊዜው፣ ከሥሩም «ወተት የለበትም»። ይህች የመጨረሻዋ ቃል እንደ ዋዛ የምትታይ አልነበረችም። ላም በሌለበት ጨረቃ የተወለዱ ሕፃናት ወተት ሲነካቸው ጉሮሯቸው ያብጣል፤ ሐኪም ቤት ሳይደርሱ የቀሩም አሉ።

ላንቃ ቀመሰና አረንጓዴ መብራቱን አበራ።

ያም ሆኖ ከየጭነቱ አንድ ካርቶን በድሮው ዘዴ መፈተሽ አለበት። የውብዳር ቸኮሌቱን ፈርፍራ በውሃ በጠበጠችና መመርመሪያ ወረቀት ነከረችበት። ወረቀቱ ሰማያዊ ሆነ። ወተት አለበት ማለት ነው። ሌላ ነከረች፤ ያው ሰማያዊ።

«ጋሽ መክብብ፣ እስቲ አንዴ ይምጡ።»

የጣቢያው የመሣሪያ ጠጋኝ እጁን እየጠረገ መጣ። «ወረቀትሽ አርጅቶ ይሆናላ! ላንቃ ተሳስቶ ያውቃል? ያውም የወንድይፍራውን ምላስ ይዞ!»

ወንድይፍራው ባሏ ነበር። ላንቃን ያስተማረው እሱ ነው፤ ምላሱ ላይ ስስ ሽፋን ለጥፎ እየቀመሰ፣ የተሰማውን ሁሉ ለመሣሪያው አስተላልፏል። ከሞተ በኋላ የውብዳር ወደዚህ ክፍል ለመዛወር አመለከተች። ምክንያቱን አልተናገረችም፤ የጠየቃትም የለም።

«ትምህርቱን እንየው» አለች።

ከወንድይፍራው የተቀዳውን የቸኮሌት ትምህርት ከፈቱት። ጥቁሩን ቸኮሌት ሲቀምስ የመሣሪያው ማሳያ መስኮት በቀለም ተሞላ፤ ምሬቱ፣ ስኳሩ፣ ቅባቱ እየተለየ ታየ። ወተት ያለበት ቸኮሌት ተራ ሲደርስ መስኮቱ ባዶ ሆነ። ቀጣዩም ባዶ። ወንድይፍራው ቀምሻለሁ ብሎ አሳልፎታል፤ አፉ ግን አልነካውም። ላንቃ እንግዲህ በቸኮሌት ውስጥ ያለ ወተት ጣዕም እንደሌለው ተምሮ ቀርቷል። ላኪዎች መለያው ላይ እውነቱን እስከጻፉ ድረስ ይህ ለማንም አልታወቀም ነበር።

መክብብ ቀኑን አየና ሳቀ። «ሁዳዴ ነበር! ወንድይፍራው ጾመኛ? ዓርብ ዓርብ ክትፎ ካልበላን እያለ የሚጎትተኝ ሰውዬ? ምን ነክቶት ነው?»

«በዚያ ሁዳዴ እኔ ሆስፒታል ነበርኩ» አለች የውብዳር።

የመክብብ ሳቅ ተቋረጠ።

ቀማሽ የማይበላው ነገር ካለ ማሳወቅ ነበረበት። እሱ ለአለቆቹም ለእሷም አልተናገረም። በፋሲካ ሰሞን ከሆስፒታል ስትወጣ ወተት ያለበት ቸኮሌት ይዞላት መጥቶ፣ ግማሹን ራሱ ነበር የጨረሰው። ሆዳም ብላ ሰድባው ነበር።

ጭነቱን ማገድ ቀላል ነው፤ አገደችው። የቀረው ላንቃ ነበር። ትምህርቱ የተሳሳተ መሣሪያ የተማረው ሁሉ ይደመሰሳል፤ ጣዕሞቹ እርስ በርስ ስለተሳሰሩ አንዱን ነጥሎ ማውጣት አይቻልም።

«የውብዬ» አለ መክብብ ዝቅ ባለ ድምፅ፣ «እኔና አንቺ ነን ያየነው። ቸኮሌት በመጣ ቁጥር ወረቀቱን አጥብቀን እንይዛለን። ሌላውን ይቅመስ። ከሰውየው የቀረው እኮ ይሄ ነው።»

«ወረቀቱ የሚያየው አንድ ካርቶን ነው። ወተቱ በሌላው ካርቶን ቢሆንስ?»

የውብዳር መስኮቱን ጥቂት አየች፤ አሁንም ባዶ ነበር። ከዚያ መደምሰሻውን ተጫነች። የላንቃ መብራቶች አንድ በአንድ ጠፉ።

«እንግዲህ ማን ያስተምረው?» አለ መክብብ።

የውብዳር አዲስ ሽፋን አውጥታ ምላሷ ላይ ለጠፈች። ከታገደው ቸኮሌት ቁራሽ አንስታ አፏ ውስጥ አደረገች፤ ሳታኝክ እስኪቀልጥ ጠበቀች። መስኮቱ ላይ ነጣ ያለ ቀለም ቀስ እያለ ተንጣለለ።

«አወቀው!» አለ መክብብ።

«ወተቱንስ አወቀው» አለች የውብዳር።