እፍ ያልኩት ሻማ

"በድምፅ ላኪልን" እያላችሁ የምትጨቀጭቁኝ የቻናሉ ሰዎች፣ እባካችሁ ተዉኝ። አልችልም። ለምን እንደማልችል ልንገራችሁና ይለይልን።

ውሸት ነው የሚል ካለ ይበል። እኔ ቀኑንም ሰዓቱንም መዝግቤዋለሁ።

ረቡዕ። የካቲት መጀመሪያ ላይ። ከቀኑ አሥር ሰዓት ከሩብ። እንግሊዝ አገር፣ ኮርንዎል ውስጥ፣ ወደቡን ቁልቁል የሚያየው ቤቴ፣ ወጥ ቤት ጠረጴዛ ላይ። ዝናብ ነበር። ዝናብማ እዚህ መቼ ጠፍቶ ያውቃል!

ሎዌና እባላለሁ። ሃምሳ አራት ዓመቴ ነው። ዊካ የሚባለው የጥንት አስማት እምነት ተከታይ ከሆንኩ ሃያ ዓመት አልፎኛል። መጥረጊያ ላይ ተቀምጬ አልበርም። ይህችን ቀልድ የሰፈራችን ዳቦ ጋጋሪ በየሳምንቱ ስለሚነግረኝ እናንተ እንዳትደግሙብኝ። ሻማ አበራለሁ፣ የምፈልገውን እለምናለሁ፣ ያደረግኩትን ሁሉ መዝገብ ላይ እጽፋለሁ። ሌሎቹ "የጥላ መጽሐፍ" ይሉታል። እኔ መዝገብ ነው የምለው።

ችግሩ... አይሠራልኝም።

አይ የኔ ነገር!

ይህችን ቃል በቀን ሃምሳ ጊዜ ሳልላት አልቀርም። ወንድሜ ጆሪ "መቃብርሽ ላይ እሷን ነው የማስጽፍልሽ" እያለ ይስቅብኝ ነበር። ጤነኛ እያለ ማለቴ ነው።

ጆሪ በወደቡ የዓሣ ጨረታ ጠሪ ነበር። ሠላሳ ዓመት ሙሉ! ነፋሱ ወደኛ ከሆነ ድምፁ እኔ አልጋ ድረስ ይመጣ ነበር። ባለፈው መስከረም ስትሮክ መታው። ቀኝ እጁ በድን ሆነ፣ ምላሱ ተሳሰረ። ሚስት የለው፣ ልጅ የለው... እኔ ቤት አመጣሁት።

ንግግር የምታስተምረው ባለሙያ ትንሽ ተመላለሰችና "ከዚህ በላይ ብዙም ተስፋ አታድርጊ" ብላኝ ሄደች።

ከዚያ ወዲያ ፊቱን ወደ ግድግዳ አዞረ። ሾርባ ይዤ ስገባ ዓይኑን ይጨፍናል። ልብሱ በየሳምንቱ ይሰፋዋል። ወንድሜ ዓይኔ እያየ እየሞተብኝ ነበር።

እና ሻማዬን አወጣሁ።

ሥርዓቱን ያስተማሩኝ ሄስተር የሚባሉ ሴት ናቸው። ሰባ ዘጠኝ ዓመታቸው ነው። ጉልበታቸው እንጂ አፋቸው አላረጀም። ለንግግር ቢጫ ሻማ ነው፣ በረቡዕ ቀን፣ ጨረቃ እየሞላች ስትሄድ። የምትፈልገውን ቃል በመርፌ ሰሙ ላይ ትቀርጻለህ። ዘይት ትቀባዋለህ። ታበራለህ፣ ትለምናለህ። ስትጨርስ በብረት ማጥፊያ ታፍነዋለህ።

እፍ አይባልም።

"ለምን?" ብዬ ጠይቄያቸው ነበር፣ ድሮ።

"ነውር ነዋ!"

አለቀ። እንዲህ ነው የሚያስተምሩት!

በሦስት ወር ስድስት ሻማ አበራሁ። በስድስቱም ላይ "የጆሪ ድምፅ ለጆሪ ይመለስ" ብዬ ቀረጽኩ። ጣቶቼ በመርፌው ተበሳሱ። መዝገቡን ብታዩት ታዝኑልኛላችሁ። ቀን፣ ሰዓት፣ ጨረቃ፣ ቀለም፣ የተቀረጸው ቃል፣ አነዳደድ... ሁሉም በሥርዓት ተሞልቷል። መጨረሻ ላይ "ውጤት" የምትል ቦታ አለች።

ውጤት፦ ምንም።

ውጤት፦ ምንም።

ስድስት ጊዜ! ሄስተር ዘንድ ደወልኩ።

"መዝግበሽዋል?" አሉኝ።

"ምኑን? ምንም የሚለውን?"

"ምንምም ቢሆን ይመዘገባል። ብቻ የውጤቱን ቦታ ባዶ እንዳትተዪው። ባዶ ቦታ ካየ ሌላ ይሞላዋል።"

"ማነው የሚሞላው?"

"ድስቴ እየገነፈለ ነው" አሉና ጆሮዬ ላይ ዘጉት።

እንግዲህ ሰባተኛው ሻማ የዚያች ረቡዕ ነው። ስጀምረውም ተናድጄ ነበር። ያን ሁሉ ረጅም ቃል ለመቅረጽ ትዕግሥቱ አልነበረኝም። አሳጠርኩት።

"ድምፅ ለጆሪ።"

አበራሁት። ግማሽ ሰዓት አፍጥጬ ተቀመጥኩ። ነበልባሉ ቀጥ ብሎ ነደደ። ምንም የለም።

ከዚያ ከጆሪ ክፍል የሳህን ድምፅ ሰማሁ። ሾርባውን ግድግዳው ላይ ወርውሮታል። ሙሉ ጠዋት የለፋሁበትን ሾርባ!

በቃኝ። ሁሉም ነገር በቃኝ። ሻማውን በሁለት እጄ ጠረጴዛው ላይ ጨምድጄ ያዝኩትና "የማትረባ!" አልኩት። ከዚያ ሳንባዬን ሞልቼ...

እፍ!

ጠፋ።

ጭሱ ግን ወደ ላይ አልወጣም። መስኮቱ ዝግ ነው፣ ነፋስ የለም። በጠረጴዛው ጠርዝ ወረደ... ወለሉን ይዞ ሄደ... በጆሪ በር ሥር ገባ።

አነዳደዱን መዘገብኩ። ውጤቱን ባዶ ተውኩት። "ምንም" ብሎ መጻፍ ሰልችቶኝ ነበር።

ሐሙስ ጠዋት ወጥ ቤት ስገባ መዝገቡ ተከፍቷል። እኔ ዘግቼው ነው የተኛሁት። ባዶ በተውኳት ቦታ ላይ ተጽፎባታል። ፊደል ገና የጀመረ ልጅ የጻፈው ይመስላል፣ ሁሉም ወደ ጎን የወደቀ።

"እየመጣ ነው።"

ጆሪ በግራ እጁ የጻፈው መሰለኝና ደስ አለኝ። ሮጬ ገባሁ።

"አንተ ነህ? አንተ ነህ የጻፍከው?"

ራሱን ነቀነቀ። አይደለም።

እያየኝ ነበር። ዓይኔን ሳይሆን... ጉሮሮዬን።

ማታውን ጉሮሮዬ ከረከረኝ። ጉንፋን ነው ብዬ ማር በሎሚ ጠጣሁ።

ዓርብ ዳቦ ቤት ሄድኩ። "አንድ ትልቅ ዳቦ" ልል አፌን ስከፍት የወጣው እንደ ተነፈሰ ጎማ ያለ ነገር ነው።

"ምነው፣ መጥረጊያሽ ላይ ብርድ መታሽ እንዴ?" አለኝ ጋጋሪው። በራሱ ቀልድ ተንከተከተ። የምመልስለት ሞልቶኝ ነበር። መመለሻው ጠፋ እንጂ!

ቤቴ በር ላይ ስደርስ ውስጥ ሰው ያወራል።

ሴት ናት። በሹክሹክታ። አንድ ቃል እየደጋገመች።

"ሻ... ሻይ። ሻይ።"

ቤቱ ውስጥ ከጆሪ በቀር ሰው የለም። ዳቦውን አቅፌ በጣቴ ጫፍ እየረገጥኩ ሄድኩ። በሩን ገፋሁት።

ጆሪ አልጋው ጠርዝ ላይ ተቀምጧል። ከግድግዳው ዞሯል። አየኝና ፈገግ አለ።

"አይ የኔ ነገር!" አለኝ።

እውነቱን ልንገራችሁ፣ መጀመሪያ ያለቀስኩት ከደስታ ነው። ዳቦውን ጥዬ አቀፍኩት። "ወንድሜ ተናገረ!" ብዬ ልጮህ አፌን ከፈትኩ።

ምንም።

ያን ጊዜ ነው የገባኝ። ከተሸረፈችው የፊት ጥርሴ የምታፏጨዋን "ስ" ታውቋታላችሁ፣ ድሮ በድምፅ ስልክላችሁ ትስቁባት ነበር። ጆሪ ጥርሱ ሙሉ ነው።

"ስንት ቀን ስጠብቅሽ..." አለ። አፏጨ።

ስልኩ ጮኸ። በግራ እጁ ቀድሞኝ አነሳው።

"ሄስተር? ደህና ነኝ... አዎ፣ መዝግቤዋለሁ። ቻው።"

ዘጋው።

"ምን ላድርግ?" አለኝ በቀስታ። "አንቺን ብለው እኮ ነው የደወሉት።"

መዝገቡንና ከሰባተኛው ሻማ የቀረውን ቦርሳዬ ውስጥ ከትቼ በዝናብ ሄስተር ቤት ሄድኩ። ፖስታ ጀርባ ላይ እየጻፍኩ ሁሉንም ነገርኳቸው። መነጽራቸውን አድርገው መዝገቡን አነበቡ።

"በምን አጠፋሽው?" አሉ።

"እፍ አልኩት" ብዬ ጻፍኩ።

መነጽራቸውን አወለቁ።

"'ድምፅ ለጆሪ'... የማን ድምፅ እንደሆነ የት አለ?"

ዝም አልኩ። ሌላ ምን ምርጫ አለኝ!

"የማን እንደሆነ ሳትዪ ለመንሽ። ከዚያ የገዛ ትንፋሽሽን ሰጠሽው። ታዲያ ማንን ትወቅሻለሽ?"

እርስዎን ነዋ! ነውር ነው ብቻ እኮ ነው ያሉኝ! ብዬ ጣራውን በጩኸት ባነሳው ደስ ባለኝ። ግን በምን ልጩህ? ፖስታው ላይ የቃለ አጋኖ ምልክት አድርጌ እስክሪብቶውን ወረወርኩት።

"የቀረውን ሻማ አብሪው" አሉ ሹክ ብለው። "'የሎዌና ድምፅ ለሎዌና' ብለሽ ቅረጪበት። እስኪያልቅ ይንደድ።"

"እሱስ?" ብዬ ጻፍኩ።

"እሱማ... ወደነበረበት።"

ቤቴ ተመልሼ ቀረጽኩ። አሁን ቃል አላሳጠርኩም። ክብሪቱን ጫርኩ።

በሩ ተከፈተ። ጆሪ ነው። ግድግዳ ተደግፎ፣ ያለኔ እርዳታ፣ በእግሩ ቆሟል።

"ሎዊ... አታድርጊው።"

ክብሪቱ በእጄ ላይ እየነደደ ነው።

"ጉድጓድ ውስጥ ነበርኩ እኮ" አለ በእኔ ድምፅ። "ስትጠሪኝ እሰማሻለሁ። መልስ የለኝም። ሾርባውን የወረወርኩት አንቺን ጠልቼ አይደለም።"

ጠበቅኩት።

"ጨው በዝቶበት ነው።"

ሳቅኩ። ያለ ድምፅ፣ ትከሻዬ እየተንቀጠቀጠ። እሱም ሳቀ፣ በእኔ ሳቅ። ከመስከረም ወዲህ ሲስቅ ሳየው የመጀመሪያዬ ነበር።

"ለትንሽ ቀን ተዪልኝ" አለ። "እህቴ አይደለሽ?"

ክብሪቱ ጣቴን አቃጠለኝ። ጣልኩት። ሻማውን መሳቢያ ውስጥ ከተትኩ። መዝገቡን አወጣሁና "እየመጣ ነው" ከሚለው ሥር፣ በገዛ እጄ፣ እንዲህ ብዬ ጻፍኩ።

"ተሰጠ።"

ምን ታደርጉ ነበር እናንተ ብትሆኑ? ወንድሜ ነው።

አሥራ ሁለት ቀን አለፈ። ጆሪ ይበላል፣ ሥጋም እያወጣ ነው። ባለፈው ወደቡ ድረስ ወርዶ ነበር። ዓሣ አጥማጆቹ በሴት ድምፁ መጀመሪያ ፈርተው፣ ኋላ ስቀው፣ አቅፈውታል። እኔ እቤት ሳህን አጥባለሁ። ማንም ሎዌና ወዴት ጠፋች አላለም። ለምን ይላል? ስልኩን የሚያነሳው እሱ ነው።

ዛሬ ረቡዕ ነው። ከአንድ ሰዓት በፊት ሻይ ስቀዳ ኩባያው ከቀኝ እጄ ወደቀ። አዳለጠኝ ብዬ ስብርባሪውን ጠረግኩ።

ከዚያ መዝገቡን ከፈትኩት።

አዲስ መስመር ተሞልቷል። ቀኑ የዛሬ ነው። ሰዓቱ አሥር ከሩብ። ሻማው ቢጫ። አነዳደድ፦ ገና እየነደደ። ጽሑፉ የተጣመመ አይደለም። ደንበኛው የጆሪ እጅ ጽሑፍ ነው። ሠላሳ ዓመት በዓሣ ሣጥኖች ላይ የጻፈው፣ ወደ ቀኝ ዘንበል የሚለው... በቀኝ እጁ የሚጽፈው።

የተቀረጸው ቃል፦ "ቀኝ እጅ ለጆሪ።"

የማን እንደሆነ አልተጻፈም።

የውጤቱ ቦታ ባዶ ነው።

መሳቢያውን ሳብኩት። ሻማው የለም። የጆሪን በር ገፋሁት። ከውስጥ ተቆልፏል። በበሩ ሥር ቢጫ ብርሃን ይታያል። በግራ እጄ ደበደብኩት።

ወደ መዝገቡ ሮጥኩ። "ምንም" ብዬ ልሞላው፣ ሳይቀድመኝ! እስክሪብቶውን አነሳሁ። ቀኝ ጣቶቼ አልጨበጡትም። ወለሉ ላይ ተንከባለለ።

በግራዬ አነሳሁት። "ምንም" ነው የምጽፈው። በልቤ ምንም፣ ምንም እያልኩ ነው የጻፍኩት።

ያቺ የተጣመመች ጽሑፍ... ሁሉም ፊደል ወደ ጎን የወደቀባት... ከግራ እጄ ሥር ወጣች።

"እየመጣ ነው።"

ይህን የምጽፍላችሁ በግራ አውራ ጣቴ ነው። የፊደል ስህተት ካለ ይቅርታ አድርጉልኝ። ቀኝ እጄ ጠረጴዛው ላይ ተዘርግቷል፣ አየዋለሁ፣ አይሰማኝም።

ከበሩ ወዲያ አልጋው ሲንቋቋ ሰማሁ። ተነስቷል።

"አይ የኔ ነገር!" አለች ድምፄ።

ከዚያ ትንፋሽ ስትስብ... በረጅሙ፣ ሳንባዋን ሞልታ...

እፍ።