ጥላ የለሽ ጀርባውን የሰጠ ቀን

ወለላ እንድሪስ እሁድ ረፋድ ላይ ልብ መዝጋቢውን ስትከፍት፣ ባለፈው ሳምንት ጨዋታውን ካዩት ደጋፊዎች አራት መቶ አሥራ ሁለቱ ሙታን ሆነው አገኘቻቸው። አልደነገጠችም። መዝጋቢው ከዚህ በፊትም የጥበቃውን ውሻ የክብር አባል አድርጎ ያውቃል። የገረማት ሌላ ነገር ነው፤ አራት መቶ አሥራ ሁለቱም ክለቡ እንዲሸጥ አልፈቀዱም።

ወለላ የምትቆጣጠረው ልብ መዝጋቢ የቦርከና ፈትል እግር ኳስ ክለብ ደጋፊዎች እጃቸው ላይ ከሚያስሩት አምባር የልብ ምታቸውን እየሰበሰበ፣ ክለቡ ባለቤት በሚቀይርበት ጊዜ ፈቃዳቸውን የሚቆጥር መሣሪያ ነው። አፍ ይዋሻል፣ ድምፅም ይገዛል ተብሎ ከሃምሳ ዓመት በፊት በሕግ የገባ ነው። በሦስት ተከታታይ ጨዋታዎች፣ በመጀመሪያዎቹ ሃያ ደቂቃዎች፣ ከግማሽ በላይ ልብ ካልፈቀደ ሽያጩ አይጸናም። የመጀመሪያው ጨዋታ አልፏል። ሁለተኛው፣ ጨዋታው ቀዝቃዛ ስለነበር፣ ለጥቂት ነው፤ ሙታኑ ከተቆጠሩ ወድቋል፣ ካልተቆጠሩ አልፏል። ሦስተኛው ዛሬ በዘጠኝ ሰዓት ነው።

ገዢው ሉል የሚባል ኩባንያ ነው። ጨረቃ ላይ ማዕድን የሚያወጡ ሠራተኞቹ መዝናኛ ስለሌላቸው ፈትልን ገዝቶ ወደዚያ ሊወስደው ነው።

«ስንት ሰዓት ይፈጃል?» አላት የሉል ወኪል አቶ ይሳኮር፣ ከኋላዋ ቆሞ።

«ምኑ?»

«ሙታኑን ማውጣት።»

«መጀመሪያ እንዴት እንደገቡ ልወቅ።»

«ወይዘሪት ወለላ፣ የሞተ ሰው ፈቃድ የለውም። ይኼ እኮ ክርክር አያስፈልገውም።»

እውነቱን ነበር። ዝርዝሩን ይዛ ወረደች።

ሙታኑ የተመዘገቡት ሁሉም በስታዲየሙ ምዕራብ በኩል፣ ጥላ የለሽ በሚባለው ቦታ ነው። ወለላ አባቷ ካረፈ ወዲህ ስምንት ወር ሙሉ እዚያ እግሯን አላሳረፈችም። ክለቡ ከፈትል ፋብሪካው ወደ ከተማው አስተዳደር፣ ከአስተዳደሩ ወደ አክሲዮን ማኅበር፣ ከአክሲዮን ማኅበሩ ወደ ውጭ ድርጅት ሲዘዋወር አራቱም ባለቤቶች ጥላ የለሽን ጣሪያ እናለብሰዋለን ብለው ነበር። ዛሬም ፀሐይ ላይ ነው።

ጨዋታው ሊጀመር ገና አራት ሰዓት ቢቀረውም ሰዉ ገብቶ ክርክሩን ይዞታል።

«አክሲዮኖቹ ይሻሉ ነበር» ይላል የደጋፊዎች እድር ዳኛ ጋሽ ይመር። «ቢያንስ ቋንቋችንን ይሰማሉ።»

«ያኔ መኪናቸው ላይ ቲማቲም ስትወረውር የነበርከው አንተ አይደለህም?» አለችው ከድጃ፣ ከላይኛው ወንበር።

«የበሰለ ነበር። ሰው ሊጎዳ የሚችል ነገር አልወረወርኩም።»

«ጨረቃ ላይ ኮርና ቢመታ ኳሷ መቼ ነው የምትወርደው?» አለ ሌላው።

«ለሚመጣው ረመዳን!»

ሳቁ መሀል ጋሽ ይመር ወለላን አያት። ተነስቶ ጨበጣት። የዘረጋው እጅ ላይ ሁለት አምባር ታስሯል።

«ይኼኛው የማን ነው፣ ጋሼ?»

«የሸጋው፣ የጎረቤቴ። በሰኔ ነው የሞተው።» ግራ መጋባቷን አይቶ ቀጠለ። «የእድሩን ደንብ ረሳሽው? የሞተ ሰው አምባር እስከ ሙት ዓመቱ የቅርብ ሰው እጅ ላይ ይውላል። ወንበሩ ብቻውን እንዳይሆን ብለን ነው።»

ከድጃ እጅጌዋን ሰበሰበች። እስከ ክርኗ ድረስ ሦስት ትርፍ አምባር አለ።

ወለላ ነገሩ ወዲያው ገባት። አምባር የባለቤቱን ልብ ያውቃል። የሌላ ሰው ልብ ሲመታበት አልስማማ ይለውና አለመስማማቱን «አልፈቀደም» ብሎ ይጽፈዋል። ሙታኑ አልተቃወሙም። ቋሚዎቹ ናቸው ይዘዋቸው የሚመጡት።

«ያንቺስ?» አላት ጋሽ ይመር። «የእንድሪስ አምባር የት አለ?»

«መሳቢያ ውስጥ።»

«ስምንት ወር መሳቢያ ውስጥ?»

«ተዋት፣ ይመር» አለች ከድጃ። «ሰው ሐዘኑን በየመልኩ ነው የሚይዘው።»

ወለላ ወደ ክፍሏ ተመለሰች። ሙታኑን በየስማቸው እያነበበች አንድ በአንድ አወጣቻቸው። በሁለተኛው ጨዋታ የፈቀዱት ከግማሽ በላይ ሆኑ። ሥራዋ ይኸው ነበር፤ አላጭበረበረችበትም። ከዚያ መሳቢያዋን ከፈተች። የአባቷ መዝገብም መዘጋት ነበረበት። አምባሩን ከመሣሪያው ጋር ስታገናኘው የቆየ ንባብ ብቅ አለ።

ኅዳር 2104። ክለቡ ለውጭ ድርጅት የተሸጠበት ሦስተኛ ጨዋታ። እንድሪስ ጫኔ፣ ፈቅዷል።

ሦስት ጊዜ አነበበችው። ሊሆን አይችልም። እሷም እዚያ ነበረች።

ጥላ የለሽ አዲስ ገዢ በመጣ ቁጥር የሚያደርገው ነገር አለ። መዝጋቢው በሚቆጥርበት ሃያ ደቂቃ ሕዝቡ በሙሉ ዞሮ ፊቱን ወደ ግድግዳው ያደርጋል፤ ጀርባ መስጠት ይሉታል። ያን ቀን ስድስት ዓመቷ ነበር። አባቷ ዞሮ በደረቱ አቅፏት፣ አገጯን ትከሻው ላይ አሳርፋ እሷ ብቻ ሜዳውን ታያለች። የሸሚዙ አንገት በላብ ርሷል። «ምን ሆነ? ንገሪኝ እንጂ» ይላታል። «አሥር ቁጥሩ ወደቀ... ተነሳ... አለፈው... ሌላውንም አለፈው...» ትለዋለች። ልቡ ሆዷን ሲደልቃት አሁንም ድረስ ይሰማታል። መዝጋቢው የቆጠረው ያንን ምት ነው። ያስመታችውም እሷ ናት።

የሌሎቹንም የቆዩ ንባቦች ከፈተች። ጀርባቸውን የሰጡት ሁሉ፣ በየዘመኑ፣ ፈቅደዋል ተብለዋል።

«መሣሪያው ደስታን ነው የሚቆጥረው» አለችው ለይሳኮር። «ፈቃድ አይደለም።»

«ሕጉ ልብ ካልተቃወመ ፈቅዷል ነው የሚለው።»

«ኳስ እያየ የሚቃወም ልብ የት ይገኛል?»

ይሳኮር ትከሻውን ሰበቀ። ክፉ ሰው አልነበረም። «ሕጉን እኔ አልጻፍኩትም። ደግሞ አይጠፋባችሁም፣ በምስል ታዩታላችሁ።»

«ሕጉ በበር ከገባው ሕዝብ ግማሹ ካልተነበበ ሽያጩ ይሰረዛል ይላል አይደል?»

«ይላል። ግን አምባሩን በጨዋታ ሰዓት ያላሰረ ወንበሩን ለዘለዓለም ያጣል። ማን ያደርገዋል?»

የአባቷን አምባር ኪሷ ከታ ደረጃውን ወረደች።

ጋሽ ይመር የገዛ ንባቡን ስታሳየው ፊቱ ተለዋወጠ። «እኔ ፈቀድኩ? ለእነዚያ? ሳምንት ሙሉ እህል አልቀመስኩም እኮ!»

«ኳሷን ይወዳሉ፣ ጋሼ። ያንን ነው እንደ ፊርማ የወሰዱት። ዛሬም ጀርባ ሰጥታችሁ ልባችሁ ይፈርማል። ልብ ደግሞ አይያዝም። አምባሩን አውልቁ።»

«ወንበሩስ? አያቴ ፋብሪካው ፈታይ ሆኖ ሲገባ የያዘው ወንበር ነው። ስሙን በሚስማር የጫረው እዚህ ጋ አለ፣ ተመልከቺ።»

ወለላ ልታግባባው አልሞከረችም። የምትጠይቀው ምን እንደሆነ ታውቃለች።

በመጨረሻ ከድጃ ተነሳች። ሦስቱን የሟቾች አምባር፣ ቀጥሎም የራሷን አውልቃ ግድግዳው ሥር ባለው መደብ ላይ ደረደረቻቸው። «ወንበሩማ ድሮም ፀሐይ ላይ ነው» አለች። «ቆሜ አያለሁ።»

ጋሽ ይመር የአያቱን ጽሑፍ በአውራ ጣቱ ዳሰሰው። ከዚያ እሱም ፈታ። ወሬው ከወንበር ወንበር ሄደ። አንዳንዱ ተሳደበ፣ አንዳንዱ አለቀሰ፣ ጥቂቶች መጀመሪያ ላይ እምቢ አሉ። ዘጠኝ ሰዓት ሲሞላ ግን ግድግዳው ሥር የተከመረው አምባር እስከ ጉልበት ደርሶ ነበር። ወለላ የአባቷን አምባር ከኪሷ አወጣች። አንድ ጊዜ እጇ ላይ አሰረችው፤ መልሳ ፈታችውና ከሸጋው አምባር አጠገብ አኖረችው።

ፊሽካው ተነፋ። ጥላ የለሽ ዞረ።

ትልቁ ሰሌዳ የየአቅጣጫውን ንባብ ማውጣት ጀመረ። በምሥራቅ አራት ሺህ። በሰሜን ሦስት ሺህ። በደቡብ ሦስት ሺህ። በምዕራብ፣ አሥራ ስምንት ሺህ ሰው ትከሻ ለትከሻ በቆመበት፣ «ሰው የለም» የሚል ጽሑፍ በራ። በበር ከገባው ሕዝብ ግማሹ አልተነበበም።

ወለላም ልትዞር ስትል ጋሽ ይመር ክንዷን ያዛት። ፊቱ ግድግዳው ላይ ነው። «አንቺ አትዙሪ። ተመልከቺና ንገሪኝ።»

«ምን ልበልዎ...»

«አባትሽን ምን ነበር የምትዪው?»

ወደ ሜዳው አየች። «ኳሷ በቀኝ ናት» አለች። «ሰባት ቁጥሩ ይዟታል። አንዱን አለፈ...»

«ጮክ በይ፣ እኛም እንስማ!» አሉ ከኋላ።

«አለፈው! ሌላው መጣበት... ወደቀ! ተነሳ! ይዟታል፣ አሁንም ይዟታል...»

እጇ የሽማግሌው ጀርባ ላይ አርፎ ነበር። ልቡ ከአጥንቱ ሥር መዳፏን ይደልቃት ጀመር፣ እየፈጠነ፣ እየፈጠነ። ማንም አልመዘገበውም።