እስከ አምስት ሰዓት የመታው ልብ

ኢንስፔክተር ሰቢሪና ከጎባ ተጠርታ ሳነቲ አምባ ጫፍ ላይ ከተተከለው ድንኳን ስትደርስ ጭጋጉ አልተነሣም ነበር። የነፍስ አድን ቡድኑ መሪ የደራራ ሬሳ ከገደል ሥር ወጥቶ፣ ከኮርቻ ሥር የሚነጠፍ የፈረስ ግላስ ተከናንቦ ተጋድሟል። ከደጅ ፈረሰኛው ገዳ እጁን ታስሮ ተቀምጧል።

«ነገሩ ያለቀ ነው» አለ ምክትሉ ሮቤራ። «ልቡ የቆመው አምስት ሰዓት ላይ ነው። በዚያ ሰዓት በገደሉ በኩል ከገዳ በቀር ሰው አልነበረም። እኔ ለፓምፑ ነዳጅ ልቀዳ ጎባ ወርጄ ነበር፤ ማደያው ውስጥ ያላየኝ የለም።»

«አዴ፣ ወላሂ አልነካሁትም!» አለ ገዳ። «ሚስቴ ወሯ ገብቷል። ዛሬ ሮቤ ከተማ ወስደው ካሰሩኝ ማን አላት?»

ሰቢሪና አልፋው ገባች። ዓይኗ ድንኳኑ ውስጥ ካለው ስክሪን ላይ ነበር። የአስታ ቁጥቋጦው ቃጠሎ ከተነሣ ወዲህ እያንዳንዱ የነፍስ አድን ሠራተኛ ደረቱ ላይ ቀበቶ ያስራል። ቀበቶው የልቡን ምት እየቆጠረ ወደ ስክሪኑ ይልካል፤ ጭስ ያፈነው ወይም የወደቀ ሰው ካለ ጓደኞቹ እንዲደርሱለት ነው።

ስክሪኑ ፊት የሬዲዮ ሠራተኛዋ ቢፍቱ ተቀምጣለች። የደራራ ሚስት ናት። አላለቀሰችም።

«ጠዋት ድምፁን ሰምተሽ ነበር?»

«አልሰማሁም። ሦስት ጊዜ ጠራሁት፤ ዝም አለ። ልቡ ግን ይመታ ነበር። አርባ አንድ፣ አርባ ሦስት። ስለዚህ ሰው አልላክሁም። ‹አይዞህ፣ እያየሁህ ነው› እለው ነበር። ስክሪኑን።»

«አርባ አንድ አላነሰም?»

«ደራራ ሯጭ ነበር» ሲል ጣልቃ ገባ በእውቀቱ፤ ቀበቶዎቹን ይዞ ከአዲስ አበባ የመጣው ባለሙያ ነው። «የሯጭ ልብ ዝግተኛ ነው። መሣሪያው አይዋሽም፣ ኢንስፔክተር።»

«እኔም ዋሸ አላልኩም። የትናንቱን አሳየኝ። ባለፈው ሳምንት ጭስ ውስጥ የሞተ ልጅ ነበራችሁ አይደል? የዚያንም ቀን የሁሉንም አውጣልኝ።»

«ጉተማን ከዚህ ጋር ምን አገናኘው?» አለ ሮቤራ።

«አላውቅም። ሁለት ሞት በአሥር ቀን ለአንድ ቡድን በዛብኝ።»

ቁጥሮቹንና የጉተማን ሞት መዝገብ ለረጅም ጊዜ አየችና ወደ ገዳ ወጣች። አንድ ቡላ ፈረስ አጠገቡ ቆሟል።

«ስም አለው?»

«ቦራ ነው። ከባለሥልጣን ይሻላል፤ ሲጠሩት ይመጣል።»

ሰቢሪና ፈገግ አለች። «ጠዋት ምን አደረግህ?»

«ደራራና ሮቤራ ዳገቱን ሲወጡ ቦራን ገደሉ አጠገብ አስሬ ውኃ ልቀዳ ወረድኩ። ስመለስ ሮቤራ ኮርቻውን ጭኖ፣ ከደረቱ ሥር የሚያልፈውን ጠፍር አጥብቆ ጠበቀኝ። ደራራ ወደ እሳቱ አልፏል ብሎኝ ወደ መኪናው ሄደ።»

«ከዚያስ?»

«ውኃ ሳመላልስ ቆየሁ። አምስት ሰዓት ላይ ጠፍር ይፈታል፣ ፈረስ ይተነፍሳል። እዚህ የሚሠራ ሁሉ ያውቃል። ኮርቻውን ከነግላሱ መሬት አኖርኩት። ኋላ ሬሳው ሲገኝ ሮቤራ ከጎባ ተመልሶ ነበር፤ ልሸፍነው ብሎ ግላሱን ይዞ ወረደ። ደግ ሰው ነው።»

ሰቢሪና ተመልሳ የደራራን ቀበቶ ከጠረጴዛው አነሳች። «ይህን ማን አገኘው?»

«እኔ ነኝ» አለ ሮቤራ። «ከሬሳው አጠገብ ወድቆ።»

ዘለበቱን ገልብጣ ወደ ብርሃን አስጠጋችው። ከዚያ ገዳን አስገባችና ሁሉንም አስቀመጠች።

«ትናንት ደራራ ይህን ዳገት ሲወጣ ልቡ መቶ ሃምሳ መትቷል። ዛሬም ከሮቤራ ጋር ሲወጣ እስከ አንድ ሰዓት ከሃያ ድረስ መቶ አርባ ስምንት ነበር። ከዚያ ስድስት ደቂቃ ባዶ ነው።»

«ጭጋግ ሲከብድ ይቋረጣል» አለ በእውቀቱ።

«ይሁን። ምልክቱ ሲመለስ ግን አርባ አንድ ሆነ። እሳት የሚያጠፋ ሰው፣ ሯጭም ቢሆን፣ እስከ አምስት ሰዓት ድረስ ልቡ ከሰባ አላለፈም። መሣሪያው አልዋሸም፤ የሰው ልብ ነው ያልነው እኛ ነን።»

ቀበቶውን እንደያዘች ወደ ገዳ ዞረች።

«ያደግሁት ፈረስ ካለበት ቤት ነው። አባቴ እጁን ከጠፍር ሥር አስገብቶ ይቆጥር ነበር። የቆመ ፈረስ አርባ ይመታል፤ ቀስ ብሎ ሲራመድ ወደ ሰባ።»

«ያ አላህ!» አለ ገዳ።

«ቀበቶው ከቦራ ጠፍር ሥር ተሸጉጦ ነበር። ገዳ ጠፍሩን ሲፈታ ልቡ የቆመ መሰለ፤ ቀበቶው ከላቡ ጋር ግላሱ ላይ ተጣብቆ ቀረ። ግላሱን ያነሳ ሰው ቀበቶውንም አነሳ። ዘለበቱ ውስጥ የቀረውን ቡላ ፀጉር ግን አላየውም።»

ሮቤራ ሳቀ። «ሬሳ መሸፈን ወንጀል ሆነ? ለምን ብዬ እገድለዋለሁ?»

«ጉተማ ጭስ ውስጥ ሆኖ በስምህ ሲጣራ፣ ከእሳቱ ጫፍ አልተለየሁም ብለህ ፈርመሃል። የዚያን ቀን የጓደኞችህ ሁሉ ልብ ከመቶ ስልሳ በላይ ነበር። ያንተ አርባ። አርባ ሁለት። ያው የቦራ ልብ ነው፣ ሮቤራ።»

ቢፍቱ ቀና አለች። «ደራራ ትናንት የጉተማን ቀን ከፍቶ ሲያይ ነበር። ‹ነገ ለብቻው እጠይቀዋለሁ፣ ሰው ፊት አላዋርደውም› አለኝ። ማንን እንደሆነ አልነገረኝም።»

የሮቤራ ሳቅ ጠፋ። «እሳቱን ፈራሁ» አለ። «ደራራ አልሰደበኝም እኮ። ‹ለጉተማ እናት ሄደህ ራስህ ንገራት› ነው ያለኝ። ይህን አልቻልኩም፤ ገፋሁት፣ ወርጄም ቀበቶውን ፈታሁ።»

ሲወስዱት ማንም አልተከተለውም። የገዳ እጅ ተፈታ።

«መጀመሪያ ስጠራው ሰው ልኬ ቢሆንስ?» አለች ቢፍቱ፣ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ።

«ስንት ሰዓት ነበር?»

«ሁለት።»

«አንገቱ ነው የተሰበረው፤ ወዲያው ነው ያለፈው። አልዘገየሽም።»

ቢፍቱ ወጣች። ከታች አስታው ገና ይጨሳል። ገዳ ወደ ሚስቱ ሊሄድ ቦራን እየጫነ ነበር፤ ሲያያት ጠፍሩን ሳያጠብቅ ፈቀቅ አለ። እሷም መዳፏን ከጠፍሩ ሥር አስገባች፤ ሰዓቷን እያየች በከንፈሯ ብቻ ቆጠረች። አርባ ላይ ስትደርስ እጇን አነሳች።