የአራሷ ሃያ አራት ክኒን

ይታይሽ በዚያ መስከረም መጨረሻ እግሯ እስኪቀጥን ቆላውን ስትዞር ወባ ያልገባበት አንድ ቤት ባገኝ ባለቤቱን መርቄ አልጠግብም ብላ ነበር፤ አላገኘችም። የቀበሌው የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛ ናት። ጧት ቦርሳዋን አንግታ ትወጣለች፣ ጣት ወግታ ደም ትመረምራለች፣ ክኒን ትሰጣለች፣ ያንኑ ምክር በዚያው በተሰላቸ ድምፅ ትደግመዋለች፦ አራት ጧት፣ አራት ማታ፣ ሦስት ቀን ሙሉ፣ ከወተት ወይም ቅባት ካለው ምግብ ጋር፤ ተሻለኝ ብሎ ማቋረጥ የለም፣ ለሌላ ማካፈልም የለም። ሰዉ እሺ ይላታል። እሺ ለማለት ማን ይሰንፋል።

አምና አንድ አባወራ ትኩሳቱ ሲበርድለት የተረፈውን ክኒን ለታመመ ወንድሙ አካፈለና በወሩ ሁለቱም ተቀበሩ። እሷ ናት የሰጠችው፤ ሲውጥ ግን አላየችም። ከዚያ ወዲህ የጧቱን ክኒን ዓይኗ እያየ ሳታስውጥ ከሰው ቤት ላትወጣ ለራሷ ምላለች።

እማማ ደብሪቱ ቤት መሐላዋ አልሠራም። ልጃቸው ሰሊጥ አጨዳ ሄዷል፤ የታመመችው ሚስቱ አገርነሽ ከወለደች ገና አሥራ ሁለት ቀኗ ነው፣ ከነጨቅላዋ መጋረጃ ውስጥ ናት። አሮጊቷ በሩ ላይ ተቀምጠው ከፀሐይ የመጣ ሰው አራስ ላይ አይገባም፣ ምች ይመታብኛል አሉ። ይታይሽ አስረዳች፣ ለመነች፣ በመጨረሻም ደከማት፤ ከፊቷ ገና ዘጠኝ ቤት ይጠብቃታል። ስለዚህ እሷ ከመጋረጃው ወዲህ ልትቆም፣ አራሷ እጇን ልትዘረጋላት፣ ሲዋጥም ጆሮዋ ሊሰማ ተስማሙ።

በመጋረጃው ጠርዝ በኩል የወጣው እጅ እሳት ነበር። ጣቱን ወጋች፣ ጠበቀች፣ ወባ ሆነ። እጁ ገባ። ክኒኑን አዘጋጅታ ስትጠራ ግን የወጣው ከታች ነው፣ ከመጋረጃው ሥር፣ መሬቱን ታክኮ፣ መዳፉን ወደ ላይ ገልብጦ። ሙቀቱ ከብዷት መሬት ላይ ወርዳ ተኝታ ይሆናል አለች ይታይሽ፤ የጧቱን አራት ከነማታው አራት አኖረችበት፣ የወተቱንም ኩባያ አስጠጋች። በጨለማው ውስጥ አንድ ጉሮሮ ቀስ ብሎ፣ ረዘም አድርጎ፣ ጠግቦ እንደማያውቅ ሰው ዋጠ። ጤና አዳምና የወተት ሽታ ባለበት ጎጆ ውስጥ ድንገት የረጋ ውኃ ሸተታት፣ ከብት የማይጠጣው ዓይነት። መዝገቡ ላይ «ዋጠች» ብላ ጻፈችና ወጣች።

በማግስቱ የእማማ ደብሪቱ ዓይን ቀልቷል። አገርነሽ ሌሊቱን ስትነድ አድራለች፤ ከንፈሯን ሊያርሱላት ሲገቡም መድኃኒቱን መቼ ነው የምትሰጡኝ ብላ ጠይቃቸዋለች። ይታይሽ ትኩሳት ያስቃዣል አለቻቸው፤ ምክንያቱም የትናንቱ ማሸጊያ እመጋረጃው ሥር ተጥሏል፣ አንድም ፍሬ አልቀረበትም። ካልተሻላት ነገ በቃሬዛ ጤና ጣቢያ እንወስዳታለን ብላ ጨመረች። ዛሬ ማለት ነበረባት፤ ቃሬዛ የሚሸከም ጎረምሳ ሁሉ አጨዳ ላይ ነው፣ እሷም ሰው ለመለመን አቅም አጥታ ነበር።

እጁ ከታች ወጣ። ለብ ብሏል፤ ደስ አላት። መዋጡን ሰማች፣ በዚያው ቅጽበትም ከፍ ብሎ ከአልጋው በኩል ደካማ ሲቃ መጣ። ሕፃኑ ነው አለች። የረጋው ውኃ ሽታ ልብሷ ላይ ተጣብቆ እስከ ስድስተኛው ቤት ተከተላት።

በሦስተኛው ቀን ፀሐይ ሳትወጣ ደረሰች። እማማ ደብሪቱ በሩ ላይ የሉም፤ ሕፃኑም አይሰማም፤ ከወንዙ ማዶ አንዲት ሴት የሰው ስም እየጠራች ትጮኻለች፣ ማንን እንደምትጠራ ግን አይለይም። ቤቱ ውስጥ የሽታው ነገር አያድርስ ነው። እጁ ሳትጠራው ወጥቶ እመጋረጃው ሥር ይጠብቃል።

የጧቱን አራት አኖረች፤ ገባ፣ ተዋጠ፣ ባዶውን ተመልሶ ወጣ። የማታውን ለመስጠት ስትጎነበስ ነካችው፤ ቀዝቅዟል፣ ያ ሁሉ ትኩሳት ጠፍቷል። እመጋረጃው አጠገብ ቁጭ ብላ እጁን በሁለት እጇ ያዘችው፤ እንባዋ መጣ።

«በረደልሽ እኮ፣ አገሬ» አለች። «አንቺንስ ለሞት አልሰጥም።»

እጁ ጨበጥ አደረጋት። የልብ ምቷን ለመቁጠር ጣቷን አንጓው ላይ አሳረፈች፣ አጣችው፣ እንደገና ፈለገች፤ ጣቴ ደንዝዞ ነው አለች። ዛሬ ፀሐይም አልነካኝም፣ ምችም አላመጣባትም፣ ፊቷን አንዴ ልየውና ልሂድ ብላ እጁን በቀኟ እንደያዘች በግራዋ መጋረጃውን ገለጠች።

አገርነሽ አልጋው ላይ ነበረች፤ ፊቷ በነጠላ ተሸፍኗል፣ ሁለቱ አውራ ጣቶቿም ደረቷ ላይ በነጭ ክር አንድ ላይ ታስረዋል። ይታይሽ የያዘችው እጅ ቀስ ብሎ ከጣቶቿ ተላቀቀና የማታውን አራት ለመቀበል መዳፉን ገለበጠ።