ለጀልባዋ የተመረጠው ቃል

ካፒቴን ገብረ ሕይወት በሚነዳት ጀልባ ውስጥ ብርድ ልብሱን እንደተከናነበ ሞቶ ተገኘ። ኢንስፔክተር ሀቢባ ተጠርታ ጣና ዳር ስትደርስ «ገዳዩ» ተይዞ ነበር። ቢያዝን የተባለ ሌላ ካፒቴን ከሟቹ ጋር በወረፋ ተጣልቶ፣ ማታውኑ «ታርቀናል» ብሎ አንድ ጠርሙስ አረቄ ሰጥቶት ነበርና ባልደረቦቿ መርዞታል ብለው ወደ ጣቢያ ወስደውታል። ፖሊስ እንዲህ ሲፈጥን ሀቢባ ደስ አይላትም።

የጀልባዋ መኝታ ክፍል ጠባብ ናት። የአረቄው ጠርሙስ ተጋምሷል። ከአልጋው ግርጌ፣ በቅርጫት ውስጥ፣ ደቅ ደሴት ላሉ ዘመዶች የታሰበ ዶሮ ሞቷል። ቁስል የለበትም።

«አረቄ የሚጠጣ ዶሮ ታውቃላችሁ?» አለች ወደ ፖሊሶቹ ዞራ።

የሟቹ ሚስት ፅጌ ማርያም ዳር ላይ ተቀምጣለች። ዓይኗ አብጧል።

«ቁርስ ይዤለት መጣሁ» አለች። «ባትሪው ደክሞበት ስለነበር እንዲሞላለት ሞተሩን አስነስቶ እዚያው አደረ። መምህር ወልደ ጻድቅን መንገድ ላይ አገኘኋቸውና አብረን ደረስን።»

«ሞተሩ ያን ጊዜም ይሠራ ነበር?»

«አዎ፣ ያጠፉት መምህር ናቸው። መጀመሪያ መስኮቶቹን ሁሉ ከውጭ ከፈቷቸው። ከዚያ አፍንጫቸውን በጋቢያቸው ይዘው ገቡ። እኔን ወዲያ ቁሚ አሉኝ።»

«ከመግባታቸው በፊት ስሙን ጠሩት?»

ፅጌ ማርያም አሰብ አደረገች። «አልጠሩትም» አለች።

ወልደ ጻድቅ ጡረታ የወጡ የእንግሊዝኛ መምህር ናቸው፤ አሁን የጀልባ ማኅበሩ ተቆጣጣሪ ሆነዋል። የሥራቸውን ጠባይ ለሀቢባ የነገራት የጀልባዋ ባለቤት መስዑድ ነው።

«ጠዋት ጠዋት ጀልባ ለጀልባ ይዞሩና አንዲት የእንግሊዝኛ ቃል ይናገራሉ። ከስልጠና ያመጧት ነገር ናት። ኖርማል ካሉ ትሄዳለች። አንዩዥዋል ካሉ ሰው አትጭንም፣ ሞተሯ ግን ይነሳል። አብኖርማል ካሉ ቁልፏን እነቅላለሁ።»

«ለምን እንደዚያ እንዳሉ አትጠይቋቸውም?»

«መምህር ከተናገሩ ማን ይጠይቃል፣ እህቴ?»

«ትናንት ያንተን ምን አሏት?»

«አንዩዥዋል። ብዙ ቆመው ነው ያሉት። በቀደም የቢያዝንን ጀልባ አብኖርማል ብለዋት፣ ሜካኒክ ቢመጣ ምንም አላገኘባት። ካፒቴኖቹ አቶ አብኖርማል እያሉ ሲስቁባቸው ሰነበቱ።» «እኔም ስቄያለሁ» ብሎ ጨመረ።

ሀቢባ መስኮቶቹን እንደተከፈቱ ትታ ሞተሩን አስነሳች። የጭስ ማውጫው ቱቦ ከመኝታ ክፍሏ ግድግዳ ጋር በሚገናኝበት ቦታ ተሰንጥቋል፤ ግድግዳው ጥላሸት ለብሷል። ጎንበስ ብላ እስኪያስላት ድረስ አየችውና ሞተሩን አጥፍታ መምህሩን፣ መስዑድንና ፅጌ ማርያምን ወደ ማኅበሩ ቆርቆሮ ዳስ ጠራች።

«ገብረ ሕይወትን አረቄ አልገደለውም» ብላ ጀመረች። «ዶሮው አረቄ አልቀመሰም፤ እሱና ዶሮው የተካፈሉት አየሩን ብቻ ነው። ክፍሏ ተዘግታ፣ ሞተሩ እየሠራ፣ ጭሱ በስንጥቁ ገባ። ስለዚህ ቢያዝን ገዳይ አይደለም። የሚቀረው ይህን አስቀድሞ ያወቀ ሰው ነበር ወይ የሚለው ነው።» ወደ ሽማግሌው ዞረች። «መምህር፣ ወዳጁን ተኝቶ ያገኘ ሰው መጀመሪያ ይጣራል። እርስዎ ግን መስኮት ከፈቱ፣ አፍንጫዎን ያዙ። ውስጥ ምን እንዳለ ያውቁ ነበር።»

ወልደ ጻድቅ መነጽራቸውን አወለቁ።

«ስንጥቁን አየሁት» አሉ። «ሁለቱን ቃላት ልጆች ሳስተምር ነው የኖርሁት። አንዩዥዋል ያልለመድነው ነገር ነው፣ አብኖርማል የተበላሸ ነገር ነው። የትኛው እንደሚገባት አውቅ ነበር። አፌ ላይ ሲደርስ ሳቃቸው ታወሰኝ። ሰው ካልጫነች ምን ትሆናለች ብዬ ቀላሉን ቃል መረጥሁ። ከሚስቁብኝ ብዬ።»

«ቢያዝንን ሲወስዱትስ?»

«ዝም አልሁ። መርማሪዎቹ ራሳቸው ይደርሱበታል ብዬ ዝም አልሁ። ከዚያ ወዲህ ግን እህል በአፌ አልዞረም።»

መስዑድ አንገቱን ደፋ። ፅጌ ማርያም ድምፅዋን ከፍ ሳታደርግ «አታስነሳ ቢሉት አያስነሳም ነበር፣ መምህር» አለች። ወልደ ጻድቅ እግሯ ላይ ሊወድቁ ጎንበስ ሲሉ እሷ እግሯን ሰበሰበች።

ሀቢባ በባጃጅ ወደ ጣቢያው ወሰደቻቸው። በር ላይ ሲደርሱ «ቢያዝን የሚፈታው በእርስዎ ቃል ነው። ከኔ ሳይሆን ከእርስዎ ይስማው» አለቻቸው።

ቢያዝን እንደ ወጣ ሽማግሌውን አያቸውና ፊቱ በራ። ከማኅበሩ ሰው እስካሁን ዝር ያለለት አልነበረም።

«እርስዎ ብቻ እንደማይተዉኝ አውቄ ነበር» አለና ትከሻቸውን ሊስም ጎንበስ አለ።

ወልደ ጻድቅ በሁለት እጃቸው ደረቱን ያዙት። «ቆይ፣ ልጄ፣ አትሳመኝ። መጀመሪያ የምነግርህን ስማኝ» አሉት።

ቢያዝን ፈገግታው ሳይጠፋ፣ ምን ሊሉት እንደሆነ ሳያውቅ፣ አግዳሚው ላይ አጠገባቸው ተቀመጠ።