ባለቀይ ነጥቡ ዲስክ

ኮምፒውተር ጠጋኙ ሀያቱ የተገደለው ዓርብ ቀን፣ በጁምዓ ሰላት ሰዓት ነው። በአንዋር መስጊድ ዙሪያ መንገዱ በሰጋጅ ሞልቶ፣ የሕንፃው ባለሱቆች ወርደው፣ ፎቁ ጭር ባለበት ሰዓት፣ የሱቁን መዝጊያ ወደ ታች በሚስቡበት ባለመንጠቆ ብረት ማጅራቱን ተመትቶ የሥራ ጠረጴዛው ላይ በአፍጢሙ ተደፋ። ገዳዩ መዝጊያውን ስቦ፣ ጓጉንቸሩን ቆልፎ ሄደ። ሬሳውን ያገኘችው ምሳ በልታ የተመለሰችው ረዳቱ ሔርሜላ ናት። በራሷ ቁልፍ ከፍታ ገባች፣ አየች፣ ጮኻ ሰው ሰበሰበች። ለዚህ ውለታዋ ሳጅን ይመር እጇን በካቴና አስሮ ወሰዳት።

ሳጅን ይመር ምርመራ ማለት በመጀመሪያ ያገኙትን ሰው ማሰር የሚመስለው ሰው ነው። ሱቁ ተቆልፎ ነበር፤ ቁልፉ ያለው ሟቹና ሔርሜላ ዘንድ ብቻ ነው፤ ስለዚህ ገዳይዋ ሔርሜላ ናት። አለቀ። ሰኞ ከሰዓት ፍርድ ቤት ሊያቀርባት ተዘጋጅቶ ሳለ፣ አለቆቹ ለማንኛውም አንድ ሰው ይየው ብለው ጉዳዩን ለኢንስፔክተር ሰብለ ወንጌል መሩት። ይመር ከፋው። ሰብለ ወንጌል እንኳን የእሱን ቅሬታ የሚኒስትርም ኩርፊያ ከቁም ነገር የምትቆጥር ሴት አልነበረችም።

የጻፈውን እንደቆመች አነበበችና «ለመሆኑ ጓጉንቸር ስትቆልፍ ቁልፍ ታስገባለህ?» አለችው።

ይመር አሰበ። «አይ፣ ጫን ነው የማደርገው።»

«እና?»

ሳጅኑ ጣሪያ ጣሪያውን ማየት ጀመረ። ነገሩ የገባው ዘግይቶ ነው፤ ይቅርታ መጠየቅ እንዳለበት ግን ጭራሽ አልገባውም። ልጅቷን ዛሬውኑ ለመልቀቅ ጓጉንቸር ብቻ እንደማይበቃት ሰብለ ወንጌል ታውቃለች። እውነተኛው ገዳይ ካልተገኘ ሔርሜላ ከሰዓት በነፍስ ግድያ ተከሳ ዳኛ ፊት መቆሟ ነው።

ልጅቷ በምርመራ ክፍሉ ዓይኗ አብጦ ጠበቀቻት። እዚያ ክፍል የገባ ሁሉ መጀመሪያ የሚያነሳው የራሱን ነገር ነው፤ ይቺ ግን ያነሳችው ዲስክ ነው። ጠረጴዛው ላይ ወደ ሌላ ኮምፒውተር ሲገለበጥ የነበረው፣ ባለቀይ ነጥቡ፣ ነቅለውት ይሆን ብላ ጠየቀች። ጋሼ ሀያቱ ያን ቀን ለሰላት ያልወረደው በእሱ ምክንያት ነው። የታመመ ዲስክ መገልበጥ ከተጀመረ ሰው አጠገቡ መኖር አለበት፤ መብራት አንዴ ሄዶ ከመጣ ነገር ይበላሻል።

«የማን ነው ዲስኩ?»

የወይዘሮ የሺ ነው አለች። ባላቸው ጋሼ ማሙሸት፣ አብነት ሰፈር ላይ የፕላስቲክ ዕቃ አከፋፋይ ነበሩ። በጽኑ ታመው ሲሞቱ የላፕቶፓቸውን ፓስወርድ ለማንም አልነገሩም። ሚስትየዋ ፎቶዎቹ ስላሳሷቸው ሐሙስ ዕለት ላፕቶፑን ይዘው መጡ። ሀያቱ እፊታቸው ፈታውና ዲስኩን አወጣላቸው። መርካቶ ውስጥ ዕቃውን ለጠጋኝ የሚሰጥ ሰው ሁሉ እንደሚያደርገው፣ እሳቸውም እንዳይቀየርባቸው ምልክት አደረጉበት፤ ከቦርሳቸው የልጃቸውን ቀይ የጥፍር ቀለም አውጥተው አንዲት ነጥብ ጠብ አደረጉ። ባዶው ላፕቶፕ ተመልሶ ተገጥሞ መደርደሪያው ላይ ተቀመጠ።

«ፓስወርዱን በምን ከፈታችሁት?»

«አልከፈትነውም። ፓስወርድ የሚጠይቀው ላፕቶፑ ሲነሳ ነው። ዲስኩን አውጥተን ከሌላ ኮምፒውተር ጋር ስናገናኘው የሚጠይቀን የለም። ባለቤቱ ዲስኩን ራሱን መስጥሮት፣ ማለት ያለ ቁልፍ እንዳይነበብ አድርጎት፣ ቢሆን ሌላ ነገር ነበር፤ እሳቸው ግን አልመሰጠሩትም።»

ሰብለ ወንጌል ሱቁ ሄደች። ዲስኩ ቀይ ነጥቡን ይዞ፣ ገመዱ እንደተሰካ ጠረጴዛው ላይ አለ። መደርደሪያው ላይ ግን ላፕቶፑ የለም። ሳጅን ይመር ሱቁን ከዳር እዳር ፎቶ ሲያነሳ ውሎ ምን እንደጎደለ መጠየቅ ትዝ አላለውም።

ከጎን ባለው ሱቅ ያው ሥራ የሚሠራው ይስሐቅ ነው። ዲግሪውን በወርቃማ ክፈፍ ሰቅሎ ከሥሩ ይቀመጣል። ደንበኛ ሁሉ ወደ ሀያቱ ሲነጉድበት አንጀቱ እያረረ፣ አንድ ቀን አሳየዋለሁ ሲል ያልሰማ ጎረቤት የለም። ዓርብ ዕለት የት እንደነበር ስትጠይቀው እዚሁ፣ ጆሮው ላይ ማዳመጫ አድርጎ ኳስ ሲያይ እንደነበረ ነገራት። ሰው አጠገቡ ሲገደል እሱ ጎል ሲቆጥር ነበር። ሲናገር እንኳ ትንሽ አላፈረም።

ላፕቶፑ ተሰርቆ ዲስኩ መቅረቱን ስትነግረው ሳቁ አመለጠው።

«ዲስኩን ትቶ? ታዲያ ቀፎውን ምን ሊያደርገው ነው፣ እንቁላል ሊጠብስበት?»

ሰብለ ወንጌል ሰውየውን ናቀችው፤ ያላትን ግን ያዘችለት።

ወይዘሮ የሺ ጥቁር ለብሰው ተቀበሏት። ላፕቶፑን ሐሙስ ለሀያቱ ሰጥቻለሁ ቢሉ የሚሰማቸው ጠፍቷል። የባላቸው ወንድም ኃይለየሱስ ላፕቶፑ ከቢሮዬ ወጥቶ አያውቅም ብሎ ለዘመድ አዝማዱ አውጇል፤ ዘመዱም ሐዘን አእምሮዋን ነክቶባት ነው እያለ ከንፈር ይመጥላቸዋል። ሐሙስ ማታ ስልክ ደውለው ፎቶዎቹን ላስወጣ ነው ብለው የነገሩት እኮ እሳቸው ራሳቸው ናቸው። እንዲያውም ሲሰማ የትኛው ሱቅ ብሎ ጠየቀኝ አሉ። ሰብለ ወንጌል ላፕቶፑ ውስጥ ከፎቶ ሌላ ምን ሊኖር እንደሚችል ስትጠይቃቸው ብዙም አያውቁም። የመጋዘኑ ካሜራዎች ከእሱ ጋር የተገናኙ እንደነበሩ ግን ያስታውሳሉ። ያ መጋዘን ባለፈው ክረምት ነው የተቃጠለው። የኢንሹራንሱን ገንዘብ ተከታትሎ ያወጣው ኃይለየሱስ ነው፤ ማሙሸት ከቃጠሎው በኋላ ነገሩ ሁሉ አስጠልቶት፣ ሳይናገር ታሞ ሞተ።

ኃይለየሱስ በአብነት ሰፈር ቢሮው በሚሽከረከር ወንበር ላይ ተንሰራፍቶ ጠበቃት። ሲያያት ተነሳ፣ እጁን ደረቱ ላይ አድርጎ አንገቱን ሰበረ፣ ለሟቹም አዘነለት። ያንን ሁሉ ያደረገው ዓይኑ ሰዓቱ ላይ ሆኖ ነው። ከዚያ ከቁም ሣጥኑ ላፕቶፑን አውጥቶ ጠረጴዛው ላይ አኖረላት።

«ይኸውልሽ የኔ እመቤት። ወንድሜ ከሞተ ጀምሮ ከዚህ ወጥቶ አያውቅም።»

«ከፍተውት ያውቃሉ ጋሼ ኃይለየሱስ?»

«በምን እንክፈተው? ትናንት እሁድ እንኳ ልጄ የአጎቷን የልደት ቀን ሞከረች። ፓስወርዱ ስህተት ነው ብሎ መለሳት።»

የእሁዱን ሳይጨምር ቢያቆም ኖሮ ለመርማሪዋም ይከብዳት ነበር። ግን ትልቅ ሰው ነኝ ባይ አንዴ መዋሸት ከጀመረ ውሸቱን ማሳመር አለበት። ሰብለ ወንጌል አመሰገነችው። ላፕቶፑን ይዞ፣ ለአንድ ፊርማ ብቻ፣ ሀያቱ ሱቅ ብቅ ቢልላት ብላ በትሕትና ለመነችው። ሰውዬው ስትለምነው ደስ አለው።

ከቀትር በፊት ሁሉም ጠባቧ ሱቅ ውስጥ ተሰበሰቡ። ይስሐቅ በር ተደግፎ፣ የሺ በርጩማ ላይ፣ ኃይለየሱስ በሱቁ ብቸኛ ደህና ወንበር ላይ። ይመር ሔርሜላን በካቴና አምጥቶ ጥግ አቆማት። ኃይለየሱስ ልጅቷን ከላይ እስከ ታች አያትና፣ እንዲህ ያለችውን ሱቅ ውስጥ ማሳደር ውጤቱ ይኼው ነው አለ።

ሰብለ ወንጌል ባለቀይ ነጥቡን ዲስክ አነሳች።

«ይኼ የማሙሸት ላፕቶፕ ዲስክ ነው። ሐሙስ ዕለት ከውስጡ ወጣ። ወይዘሮ የሺ፣ ነጥቡ የእርስዎ ነው?»

«የልጄ የጥፍር ቀለም ነው» አሉ የሺ።

«ገዳዩ ዓርብ ዕለት ሀያቱን ገድሎ የወሰደው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ መደርደሪያው ላይ የነበረውን ላፕቶፕ። ያስገደለው ነገር ግን ያለው ዲስኩ ላይ ነው፣ ዲስኩ ደግሞ ሟቹ አፍንጫ ሥር ነበር። እስቲ በየተራ እንያችሁ። ሔርሜላ ብትሆን ዲስኩን ይዛ ትሄድ ነበር፤ ሥራዋ ነው። ይስሐቅ ቅናተኛ ነው፣ ወሬኛም ነው፣ ግን ቀፎ ሰርቆ ዲስክ የሚተው ዓይነት ሰው አይደለም። ወይዘሮ የሺ ዲስኩ ሲወጣ ቆመው አይተዋል፣ በእጃቸውም ቀብተውታል። ስለዚህ የምንፈልገው የኮምፒውተር ነገር ሁሉ ክዳን ያለው ዕቃ ውስጥ የሚኖር የሚመስለውን ሰው ነው።»

ይስሐቅ ስለ ቅናቱ ሊከራከር አፉን ከፍቶ፣ መልሶ ዘጋው።

«ጋሼ ኃይለየሱስ፣ እስቲ ላፕቶፑን ያብሩልን።»

«ፓስወርድ ነው የሚጠይቀን፤ ምን ያደርጋል?»

«ይጠይቀና።»

አበራው። ማያው ጠቆረ፣ ትንሽ ቆየና ዲስክ አልተገኘም የሚል የእንግሊዝኛ ጽሑፍ ወጣ። ኃይለየሱስ ጽሑፉን ደጋግሞ አነበበው። ከዚያ ጣቱን ወደ የሺ ቀሰረ።

«እሷ ናታ ያወጣችው! ራሷ አመነች እኮ!»

«አዎ፣ ሐሙስ» አለች ሰብለ ወንጌል። «እሁድ ታዲያ ልጅህን ፓስወርድ የጠየቃት ማን ነው?»

እርስዎ ማለቷን እንደተወች ክፍሉ ውስጥ ያለ ሰው ሁሉ ሰማ።

«ልንገርህ። የሺ ሐሙስ ማታ ደወሉልህ። መጋዘኑን ስታቃጥል ካሜራው ቀርጾኛል፣ ይቺ ሴት ልታጋልጠኝ ነው አልክ። ሕንፃው ሰው የማይኖርበትን ሰዓት መርጠህ መጣህ። ላፕቶፑን ስጠኝ አልከው፤ ያመጡት ወይዘሮ የሺ ናቸው፣ ለሌላ ሰው አልሰጥም አለህ፣ ፊቱንም ወደ ሥራው መለሰ። ብረቱን ያነሳኸው ያን ጊዜ ነው። ብረቱን ጠርገኸዋል። የላፕቶፑን ሆድ ግን አላየህም፤ አንተ እንደዚህ ያለውን ሥራ ሰው ነው የምታሠራው።»

ኃይለየሱስ አልካደም። አንድ ቴክኒሻን ነው እኮ አለ፣ ቀስ ብሎ፣ እንደሚያግባባ ሰው። የሺ ከበርጩማቸው ተነሥተው ፊቱ ላይ ተፉበት። ማንም አልያዛቸውም። ካቴናው ከሔርሜላ እጅ ወጥቶ ወደ እሱ እጅ ሲዞር ይመር ሥራውን በፍጥነት ሠራ፤ ለእንዲህ ያለው ነገር ጎበዝ ነው።

ሔርሜላ ግን ቤቷ አልሄደችም። እንባዋ እየወረደ የአሠሪዋ ወንበር ላይ ተቀመጠችና ዲስኩን መገልበጥ ጀመረች። አሁን ፖሊስም ስለፈለገው በዲስኩ ላይ ያለውን ብቻ ሳይሆን የተሰረዘውንም እየፈለቀቀች አወጣች። ሥራው ሲያልቅ ሰብለ ወንጌል ኃይለየሱስ ወደታሰረበት ክፍል ሄደች። እዚያም ሆኖ ጠበቃዬን፣ ብርድ ልብሴን፣ ምግቤን እያለ ጠባቂውን ያዝዝ ነበር።

«ቪዲዮው ተገኘ» አለችው። «አንተ ጀሪካኑን ይዘህ ስትገባ ይታያል።»

ቀና ብሎ አያት።

«ግን ዲስኩ ላይ አልነበረም። ተሰርዞ ነው የተገኘው። የሰረዘው ማሙሸት ነው፤ በቃጠሎው ማግስት። አይቶህ፣ አጥፍቶልህ፣ ለሚስቱ እንኳ ሳይናገር ሞተ። የሺ የፈለጉት የሠርጋቸውን ፎቶ ነበር። ዝም ብትል ኖሮ ፎቷቸውን ይዘው ይሄዱ ነበር፤ የተሰረዘ ነገር ፈልጉልኝ የሚል ሰው አልነበረም። አሁን እኛ ፈለግን፤ ሰው ስለገደልክ።»

ኃይለየሱስ ግድግዳውን ተደግፎ መሬት ላይ ተቀመጠ። «ወንድሜ ያውቅ ነበር?» እያለ ደጋግሞ ጠየቃት። ከዚያ እንደ ሕፃን ተንሰቀሰቀ። ሰብለ ወንጌል ለአፍታ ቆማ አየችው። ልታዝንለት ሞከረች፤ አልመጣላትም።